በወረቀት የተተከለው ብረት

ባለፈው ጥር ከሮቤ ወደ ጎባ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ከተማዋ መግቢያ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቆመ። መንገድ የሚያሰፉ ሠራተኞች ጥቁር ድንጋይ በማሽን እየበሱ ነበር፤ አንዱ ማሽኑን በደረቱ ተጭኖ ይዟል፣ ሌላው ከፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ቀዳዳው ውሃ ያንጠባጥባል። ተሳፋሪው ሁሉ በየበኩሉ መስኮቱን ዘጋ። እኔ የእኔን ከፈትሁ።

«እህቴ፣ አቧራውን!» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት ሴት፣ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው እየሳቡ።

ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁት። ሽታው ግን ቀድሞ ገብቶ ነበር፤ የጋለ ብረት፣ የረጠበ የድንጋይ ዱቄት፣ ተጭሮ ወዲያው የጠፋ ክብሪት የሚመስል ነገር። ከዚያ ሽታ ጋር አንድ በጋ ሙሉውን ተከትሎ ይመጣል። ብረት መለካት እንጀራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፏል። ለመጀመሪያ ጊዜ የለካሁት ግን ያን በጋ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ስህተቱ ሌላው ሁሉ ነው።

ቤታችን ከጎባ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሰነቴ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። ትምህርት ቤታችን ከቤታችን በላይ፣ በጥዶች መካከል ይገኛል። ውሃ አልነበረውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ጠዋት ጠዋት ከወንዝ አንድ የዘይት ጣሳ ውሃ ይዞ ዳገቱን መውጣት ነበረበት፤ ያልያዘ ሰልፍ አይገባም። እላይ እስክንደርስ ግማሹ ቀሚሳችን ላይ ይፈስሳል። የጎባን ብርድ የሚያውቅ ሰው፣ በጥር ጠዋት የረጠበ ቀሚስ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም፤ ልብሱ ሳይደርቅ በረዶ ሆኖ ይደርቃል፣ ከሰውነት ርቆ እንደ ቆርቆሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መዝሙር ስንዘምር ቀሚሶቻችን እርስ በርስ ሲንኳኩ የሚሰሙ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት፣ ከትምህርት ቤቱ በላይ ካለው ምንጭ ውሃ በቧንቧ እንዲወርድ ተወሰነ። ቦዩን የአካባቢው ሰው በየተራ ወጥቶ ቆፈረ። ቧንቧው በጋሪ ተጭኖ መጣ። ይሁንና ቦዩ ከምንጩ ብዙም ሳይርቅ አንድ ጥቁር አለት ላይ ደርሶ ቆመ። እኛ ልጆች «የጎሽ ጀርባ» እንለው ነበር። በላይ በኩል እንዳይዞሩት ውሃ ዳገት አይወጣም፤ በታች በኩል እንዳይዞሩት ገደል ነው። አለት የሚበሳ ማሽን ከነኮምፕሬሰሩ ይመጣል ተብሎ ሦስት ሳምንት ተጠበቀ። አልመጣም። የበልጉ ዝናብ ሳይገባ ቧንቧው ካልተቀበረ ደግሞ የቦዩ አፈር ይናድና የዚያ ሁሉ ሰው ድካም ጭቃ ይሆናል።

አባቴ ከተማ ውስጥ በአንድ ቢሮ ጸሐፊ ነበር። የእጅ ጽሑፉ የሚያምርና ቃሉ የማይታጠፍ ስለነበር የሥራው ተቆጣጣሪ አድርገውታል። አንድ ቀን አለቱ ላይ ወጥቶ በነጭ ጠመኔ አሥራ አራት ነጥብ በአንድ መስመር አደረገና፣ «በእጅ እንበሳዋለን» አለ። በየነጥቡ የሦስት ስንዝር ቀዳዳ ይወርዳል፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የብረት ሽብልቅ ይመታል፤ ድንጋዩም በመስመሩ ይሰነጠቃል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነበር።

በእጅ መብሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ቱፋ የሚባል ዝምተኛ ጎልማሳ ተቀምጦ ብረቱን ይይዛል፤ ጋሽ ወርቁ፣ ጎረቤታችን፣ ቆሞ በትልቁ መዶሻ ይመታል። አንድ ምት፣ አንድ ዞር። ብረቱ ከየምቱ በኋላ በጥቂቱ ካልዞረ ስለቱ በነበረበት ላይ ደግሞ ያርፋል፤ ድንጋዩም አይበላም። ቱፋ በዝምታ ያዞራል፤ ጋሽ ወርቁ የሁለቱንም ድርሻ ያወራል።

«ቱፋ፣ ተሳስቼ እጅህን ብመታው ምን ትላለህ?»

«ምንም አልልም ጋሼ።»

«እውነትህን ነው?»

«አዎ። በማግስቱ እርስዎ ይይዛሉ፣ እኔ እመታለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ወርቁ መዶሻውን ሲያነሣ ዓይኑን ከቱፋ እጅ ላይ አይነቅልም ነበር።

ብረቶቹ አራት ዓይነት ነበሩ፤ አጭር፣ ከእሱ የሚረዝም፣ ከዚያም የሚረዝም፣ እጅግ የሚረዝም። ቀዳዳው በአጭሩ ይጀመራል፤ እየጠለቀ ሲሄድ ተከታዩ ይገባል። ጥቁር ድንጋይ ግን ብረት ይበላል። አንድ ብረት ግማሽ ስንዝር ሳይወርድ ስለቱ ይደነዝዝና ወደ እሳት መመለስ አለበት። ስለዚህ አራቱ አለቱ ላይ ሲሠሩ ሌሎች አራቱ ቀጥቃጭ ቤት ይሆናሉ። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርሁ፣ ከሰዓት በኋላ የደነዘዙትን በጆንያ ጠቅልሎ መውሰድና የተሳሉትን መመለስ የእኔ ሥራ ሆነ።

ቀጥቃጩ አባ ከድር ይባሉ ነበር። ቤታቸው ከመንገዱ በታች፣ ወንዙ አጠገብ፣ ብቻውን ቆሟል። ሰው በኦሮምኛ «ቱምቱ» ይላቸዋል፤ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ቃሉ ሲነገር ድምፅ ዝቅ የሚደረገው ለምን እንደሆነ ግን ማንም አላስረዳኝም። እናቴ የመጀመሪያውን ቀን ጆንያውን ጀርባዬ ላይ ስታስርልኝ፣ «አድርሰሽ ተመለሽ። እዚያ ቤት አንዳች ነገር እንዳትቀምሺ» አለችኝ።

«ለምን?»

«አትቅመሺ አልኩ።»

ቀሪውን ጋሽ ወርቁ ሞላልኝ፤ ቀጥቃጭ ዓይኑ እንደሚበላ፣ ሲመሻሽም ጅብ እንደሚሆን። እኔ ሳላጣራ የማላምን፣ ሳላጣራም የማልክድ ልጅ ነበርሁ። የሒሳብ ደብተሬ የኋላ ገጽ ላይ መዝገብ ከፈትሁ። እስከ አሁን የማስታውሰው እንዲህ ይላል፦ «ጆሮ፣ እንደ ሰው። ጥርስ፣ ሁለት ጎድሏል። እግር፣ ጫማ ስላለ አልታየም። ሳቅ፣ አጠራጣሪ።»

ሳቃቸው በእርግጥም ከወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር።

አዴ ዘይነባ፣ ባለቤታቸው፣ ወናፉን ትነፋለች። እሳቸው ከእሳቱ ፊት በርከክ ብለው ብረቱን እያገላበጡ ቀለሙን ይጠብቃሉ። ቀይ ሆኖ ሲወጣ ጫፉን ቀጥቅጠው እንደ እንጉዳይ ራስ ያሰፉታል፤ ከዚያ በሰፋው ራስ ላይ በመስቀል ቅርጽ አራት ስለት ያወጣሉ። ይህ መስቀል ብዙ አስጨንቆኛል። አባ ከድር ሰዓታቸውን ጠብቀው የሚሰግዱ፣ ኮፍያቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። ሰግደው ይነሡና መስቀል ይሠራሉ! በስውር ክርስትና የተነሡ መስሎኝ ምስጢራቸውን ለማንም ሳልነግር ሁለት ሳምንት ጸለይሁላቸው። በመጨረሻ መታገስ አቃተኝ።

«አባ ከድር፣ መስቀሉን ማን አስተማረዎት?»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባቸው መሰለኝ፤ ያ አጠራጣሪ ሳቅ መጣ።

«ድንጋዩ ነዋ! መጀመሪያ እንደ መጥረቢያ አንድ ስለት ብቻ አወጣሁለት። ቱፋ ምንም ቢያዞረው ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን እየሆነ ብረቱን ያዘው። አራት ሳደርገው ክብ ሆነ። ድንጋይ ሃይማኖት የለውም፣ ኢንተላ ኮ። ትምህርቱ ግን ጥሩ ነው።»

«ኢንተላ ኮ» በኦሮምኛ «ልጄ፣ የእኔ ልጅት» ማለት ነው። ስሜን ነግሬያቸው ነበር፤ አንድ ቀንም አልጠሩኝም።

ከሁሉ የምወደው የመጨረሻውን ሥራ ነበር። የቀላውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክረው ፈጥነው ያወጡታል፣ በአሸዋ ድንጋይ ያሹታል፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ከብረቱ ወገብ ላይ የቀረው ሙቀት ወደ ጫፉ ሲመለስ ቀለም ይዞ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ከዚያ ወርቅማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ መጨረሻ ሰማያዊ።

«ቀለሙ ሲሮጥ አትጠይቂኝ» ይሉኝ ነበር። «ይህ የገብስ ማሳ ነው። ሳይደርስ ካጨድሽው ይሰበራል። ካሳለፍሽው ይለሰልሳል። ልክ የደረሰ ገብስ ሲመስል ነው።» ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ብረቱ ድጋሚ ውሃ ውስጥ ነው፤ ጭሱ ፊቴ ላይ፣ ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ።

አንድ ዕቃ ከአጠገባቸው አይለይም ነበር፤ ጠርዙ ላይ አራት ክፍተት ያለው የበሬ ቀንድ። የብረቱን ራስ በክፍተቱ ያሳልፉና «ቶሌ»፣ እሺ፣ ብለው ያስቀምጡታል። ክፍተቶቹ እኩል አልነበሩም። ቀንዱ አርጅቶ ጠርዙ የተበላ መሰለኝ፤ ስለ አዘንሁላቸው አልጠየቅሁም።

ወደ ጥፋቴ ደረስሁ።

በዚያ ሳምንት አስተማሪያችን ስለ ልኬት አስተምረውን ነበር። መልካም ሥራ የሚታወቀው ልኩ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው ብለው፣ የክፍሉን ጠመኔዎች ሁሉ እኩል አድርገን እንድንሰብር አዘዙን። ይህ ቃል ገባኝና አሳደደኝ። ከሽቦ አንድ ቀለበት ሠርቼ ብረቶቹን መለካት ጀመርሁ። የአጭሩ ራስ ቀለበቱን ልክ ሞላው። ለሁለተኛው ቀለበቱ ሰፋ። ለሦስተኛው ይበልጥ ሰፋ። ረጅሙማ ቀለበቱ ውስጥ ይጨፍራል። ልዩነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የአንድ የገብስ ፍሬ ውፍረት ያህል ነበር። የማግስቱንም አራት ለካሁ፤ እንደዚያው። ምክንያቱ ግልጽ ሆነልኝ፤ አባ ከድር አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ቀንዳቸውም ተበልቷል። አባቴ ቢደርስበት ሥራውን ይነጥቃቸዋል። ሳይደርስበት ልታደግ ወሰንሁ።

ሽማግሌን «ተሳስተዋል» ማለት አይቻልም። የሚቻለው አንድ ነገር ነው፤ ወረቀት። አባቴ ማታ ማታ ቤት አምጥቶ የሚጽፋቸውን ደብዳቤዎች በቃሌ ይዣቸው ነበር። ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ በንጹሕ እጅ ጻፍሁ፦

«ለአባ ከድር፤ ባሉበት። ጉዳዩ፦ የብረቶችን ራስ እኩል ስለ ማድረግ። ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ከዛሬ ጀምሮ የሁሉም ብረቶች ራስ በአጭሩ ብረት ልክ እንዲሠራ እናሳስባለን። ከሰላምታ ጋር።» የአባቴን ስም ጻፍሁ። ከታች በግራ በኩልም «ግልባጭ፦ ለፋይል» አልሁበት፤ ያለዚያ ደብዳቤ ስለማይመስል።

አባ ከድር ማንበብ አይችሉም ነበር። እኔው አነበብሁላቸው።

«ሁሉም እኩል?» አሉ።

«ሁሉም እኩል ይላል።»

«ረጅሙም?»

«ረጅሙም።»

ቀንዱን አንሥተው አዩት። «ቱፋ እንዲህ አላለኝም ነበር...» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «የጻፉት አባትሽ ናቸው?»

«አዎ» አልሁ። ይህችን አንዲት ቃል ስናገር ጆሮዬ እንደ እሳቱ ሲግል ተሰማኝ።

አዴ ዘይነባ ወናፉን አቆመች። «ወጥተህ ለምን አትጠይቃቸውም?»

«ምን ብዬ?» አሏት። «ቃል ቢሆን ቃል እመልስ ነበር። ይህ ወረቀት ነው። ወረቀት እንዴት ይመለሳል?» አራት ጊዜ አጣጥፈው፣ መቁጠሪያቸውን በሚይዙበት የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ አስቀመጡት። በሕይወቴ የጻፍሁት ነገር እንደዚያ በክብር ተቀምጦ አያውቅም።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር አለቱ ላይ ነበርሁ። ዘጠነኛው ቀዳዳ ነው። አጭሩ እንደ ወትሮው ሠርቶ ወጣ። ሁለተኛው እያጉረመረመ ገባ። ሦስተኛው ከመካከል ደርሶ አልወርድም አለ።

«ጋሼ፣ ይቆዩ» አለ ቱፋ። «አይዞርም።»

«ያልዞረም ይገባል!» አለ ጋሽ ወርቁ፣ ትከሻውን እያፍታታ።

ሦስት ጊዜ መታው። ድምፁ በሦስተኛው ተለወጠ፤ ይጮህ የነበረው ብረት ዝም አለ፤ በአለቱ ተውጦ ቀረ። በመዶሻ ጎን ጎኑን መቱት፣ ውሃና ዘይት አፈሰሱበት፣ በዲጂኖ ፈነቀሉት፣ በገመድ አስረው ለስድስት ሳቡት። አልተነቃነቀም። ወደ ሰነቴ ቀና ስንል ከተራራው ላይ ደመና ተከምሯል።

ቦይ ሊቆፍር የመጣው ሰው ሁሉ አካፋውን ተደግፎ ከበበን።

«ነግሬያችሁ ነበር!» አለ ጋሽ ወርቁ። «ቱምቱ ዓይኑን ጥሎበታል!»

እዚህ ላይ በዚያ ጊዜ ያልገባኝን ነገር መናገር አለብኝ። አናጢ ቢሳሳት እንጨት አበላሸ ይባላል። ቀጥቃጭ ሲሳሳት ግን ብረት አበላሸ አይባልም፤ ዓይኑን ጣለ ይባላል። የመንደር ውሃ ላይ ዓይኑን ጣለ ከተባለ ከእንግዲህ ማረሻ የሚያሠራው፣ ማጭድ የሚያስመታው ሰው አያገኝም። አባቴ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ጋሽ ወርቁን፣ «ዝም በል» አለው። ቀጥሎ ግን፣ «አባ ከድር ይጠሩ። ሥራው ካልተሳካላቸው ከሰኞ ጀምሮ ሮቤ ጋራዥ እንወስደዋለን» አለ። ይህም ያው ነበር፤ በለሰለሰ ቃል ተነገረ እንጂ።

አባ ከድር ቀንዳቸውን ይዘው መጡ። ሰው መንገድ ሲለቅላቸው ከሚገባው በላይ ሰፊ አድርጎ ነበር። ከተያዘው ብረት አጠገብ ተንበርክከው በመዳፋቸው ዳሰሱት። ቀሪዎቹን ብረቶች አንድ በአንድ አነሡ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እጃቸው ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሄደች፤ እዚያ ጥቂት ቆየች፤ ባዶዋን ተመለሰች።

«የእጄ ስህተት ነው» አሉ።

እኔ ምን መሰለኝ? ወረቀቱን የረሱት መሰለኝ። እንደዚያ ያለ ማስረጃ ኪሳቸው ውስጥ እያለ! ላስታውሳቸው አፌን ከፍቼ አንድ እርምጃ ስራመድ፣ እሳቸው ራሳቸውን በጣም በጥቂቱ፣ ከእኔ በቀር ማንም በማያየው መጠን፣ ነቀነቁብኝ። «ተዪው» ነበር። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር አንድ ላይ የገባኝ፤ ቀንዱ እንዳልተበላ፣ ዓይናቸው እንዳልደከመ፣ ብረቱን የተከልሁት እኔ እንደሆንሁ፣ እሳቸውም በስሜ ፈንታ ስማቸውን ሊሰጡ እንደሆነ።

«ወረቀቱ ኪሳቸው ውስጥ ነው» አልሁ። «እኔ ነኝ የጻፍሁት። አባዬ አላዘዘም። እሳቸው ቀንዱን አይተው ጠይቀውኝ ነበር።»

አባቴ እጁን ዘረጋ። አባ ከድር ወረቀቱን አውጥተው ሰጡት፤ ሲሰጡትም፣ «ልጅ ናት» አሉ።

አባቴ ደብዳቤ ሲያነብ አንድም ቃል አይዘልም። ጮክ ብሎ ከ«ባሉበት» ጀምሮ አነበበው። ጉዳዩን አነበበ። በርእሱ ለመግለጽ የተሞከረውን አነበበ። የራሱን ስም አነበበ። እዚያ ላይ ጥቂት ቆመና፣ በዚያው ድምፅ፣ «ግልባጭ፣ ለፋይል» አለ።

በመጀመሪያ የሳቀው፣ እስከዚያ ቀን ጥርሱን አይተነው የማናውቀው ቱፋ ነው። ከዚያ አካፋዎቹ ሁሉ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። አባ ከድርም ያን ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ሁለት ወር ሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ በመዶሻ ስመታ» አለ ጋሽ ወርቁ፣ «ይህቺ በወረቀት ተከለችው!»

አባቴ አልሳቀም። ባርኔጣውን አወለቀ። «አባ ከድር፣ ስሜን የጻፈችው ልጄ ናት፤ ጥፋቱ የቤቴ ነው። ሮቤ ያልሁትንም አንሥቻለሁ። በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። አባቴ ለማንም ባርኔጣውን ሲያወልቅ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ከማንኛውም ዱላ ይልቅ ያ አመመኝ።

«ረቢ ይቅር ይበለን» አሉ አባ ከድር፣ ወደ ሰማይ ቀና ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ነይ እስቲ፣ ኢንተላ ኮ። ገበያ መካከል ወፍራም ሰው ሲያልፍ አይተሻል? እንደ ጋሽ ወርቁ ያለ?»

«እኔን ደግሞ ምን አመጣኝ!» አለ ጋሽ ወርቁ።

«እሱ ሰውን እየገፋ መንገድ ይከፍታል። ግን ሲገፋ ጎኑ ይታሻል፤ በገባበት ወርድ አይወጣም፣ ከስቶ ነው የሚወጣው። ድንጋይም የብረቱን ጎን እንዲሁ ይበላዋል። ቀዳዳው ላይ ላዩን ሰፊ፣ ወደ ታች ጠባብ ይሆናል። ታዲያ ከኋላ የሚከተለው እንደ ፊተኛው ወፍራም ከሆነ የት ይገባል? ትንሽ መክሳት አለበት። የሚከተለው ደግሞ ከእሱ ትንሽ።» ቀንዱን እጄ ላይ አኖሩት። አራቱ ክፍተቶች ጠርዛቸው እንደ ተሳለ ነበር። ከአንዱ አንዱ በአንድ የገብስ ፍሬ ያንሳል።

ቅጣቴን አባቴ እዚያው ወሰነ። «ሌላ ወረቀት ጻፊ። እሳቸው የሚሉትን። በራስሽ ስም።»

ጉልበቴ ላይ ጻፍሁ። አባ ከድር ተናገሩ፤ ቱፋ ሁለት ጊዜ አረመ። ግልባጭ አልነበረውም።

ሰኞ ብረት ይዤ ስሄድ ወናፉ እየተነፋ ነበር። ጆንያውን አውርጄ፣ መንገዱን ሁሉ ሳሰላስለው የመጣሁትን ተናገርሁ።

«አባ ከድር፣ ርቦኛል።»

ወናፉ ቆመ። አዴ ዘይነባ ባሏን አየች፤ እሳቸው ብረቱን ከእሳት አወጡ። በዚያ ቤት ሁለት ወር ስመላለስ አንድ ቀን ምግብ አላቀረቡልኝም ነበር፤ ለካ ያላቀረቡት እምቢ እንዳልላቸው ፈርተው ኖሯል። አዴ ዘይነባ እጇን ሁለት ጊዜ ታጥባ ጩኮ አመጣችልኝ፤ በቅቤ የታሸ የቆሎ ገብስ ዱቄት፣ ከላዩ የጣቷ ምልክት ያለበት። ሁለቱም ቆመው ስበላ አዩኝ። በደብተሬ የኋላ ገጽ መዝገብ ላይ የመጨረሻውን መስመር ያን ቀን ጻፍሁ፦ «ጨው፣ በልክ።»

ቤት ስገባ እናቴ አፌ ዙሪያ ያለውን ቅቤ አየች። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«ይጣፍጣል?» አለችኝ።

«በጣም።»

በሳምንቱ ጋሽ ወርቁ ማረሻውን ተሸክሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው «ደንዝዞብኝ ነው፣ ደንዝዞብኝ» እያለ ወደ ወንዙ ሲወርድ መንገድ ላይ አገኘሁት።

የተያዘው ብረት እስከ መጨረሻው አልወጣም። ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ ተበሳ፤ ብረቶቹም እየቀጠኑ እየተከታተሉ፣ ሳያጉረመርሙ ወረዱ። ሽብልቆቹ የተመቱ ዕለት ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ጋሽ ወርቁ በየተራ እየዞረ ሲመታ የሽብልቆቹ ድምፅ ቀስ በቀስ እየቀጠነ መጣ፤ ከዚያ አለቱ እንደ ደረቅ ቂጣ «ቀጭ» አለና ከጠመኔው መስመር ላይ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ክፋይ ብረቱን እንደያዘ ተንከባለለና ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ላይ በጎኑ ቆመ። ብረቱም እንደ ተዘረጋ ክንድ አየር ላይ ቀረ። ርእሰ መምህሩ ይህን አይተው፣ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን የመኪና ቸርኬ ደወል አውርደው እዚያ ላይ ሰቀሉት። ቧንቧው ተቀብሮ ስድስት ቀን ሳይሞላው በልጉ ገባ። ውሃው ከቧንቧው ሲወጣ መጀመሪያ እንደ ሰው ሳለ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። እኔም ከዚያ በኋላ በነበሩኝ የትምህርት ዓመታት ሁሉ ጠዋት በደረቅ ቀሚስ፣ በገዛ ጥፋቴ ድምፅ ሰልፍ ገባሁ።

ባለፈው ጥር፣ ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ ወደዚያ ወጣሁ። የትምህርት ቤቱ ሕንጻ ተለውጧል። ድንጋዩ ግን በጎኑ ቆሟል፣ ብረቱም ክንዱን እንደ ዘረጋ ነው፣ ደወሉም አለ። አንድ ሸምገል ያሉ ጥበቃ አጥሩ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ብረቱን ስዳስሰው አይተው ተነሡ።

«ያ ታሪክ ያለው ነገር ነው» አሉኝ። «በመዶሻ የተተከለ እንዳይመስልሽ። በወረቀት ነው የተተከለው።»

«በወረቀት?» አልሁ።

«አዎ! አንዲት ልጅ ናት አሉ። ለድንጋዩ ማመልከቻ ጻፈችለት። ግልባጭ ሳይቀር አድርጋ!» ሳቁ። «ቀጥቃጩ ሽማግሌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይህን ሲያወሩ በሳቅ እንባቸው ይፈስ ነበር። ማረሻ ሊያስመታ የሄደ ሰው ታሪኩን ሳይሰማ አይመለስም።»

ብረቱን አጥብቄ ያዝሁ።

«የማን ልጅ ነበረች?»

ጥበቃው ትከሻቸውን ነቀነቁ። «ብዙ ሰው ጠይቋቸዋል። አንድም ቀን ስሟን አልተናገሩም። ‹ኢንተላ ኮ› ብቻ ነው የሚሏት።»